መርዶ ያልደረሰባት ከተማ

ይመኙሻል ሃያ ሰባት ዓመት የሰው አልጋ አንጥፋለች። ቶሮንቶ ዳር ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በቀን አሥራ አራት ክፍል፣ ሲበዛ አሥራ ስድስት። ሰርግ የመጣ፣ ለቅሶ የሚሄድ፣ አውሮፕላን ያመለጠው፣ ሁሉም እሷ ባነጠፈችው አንሶላ ተኝቶ ሄዷል። እሷ ግን እንግዳ ሆና ሆቴል አድራ አታውቅም ነበር። እኔ ጓደኛዋ ጸዮን ነኝ፤ ብሉር ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ፤ ከካርቱም ጀምሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን አለን። ሰው አፈኛ ናት ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የምነግራችሁ ጥፋቴ ግን አፌን በመዝጋቴ የመጣ ነው።

በዚያ ሆቴል እንግዳ ረስቶት የሄደ ዕቃ ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ካልጠየቀ ላገኘው ሠራተኛ ይሰጣል። ለሌሎቹ ቻርጀርና ጃንጥላ፣ ለአንዷ እንዲያውም የእጅ ሰዓት ደርሷታል። ለይመኙሻል የደረሳት ስለ ስፔን ከተሞች የተጻፈ የመንገደኛ መጽሐፍ ነው። የአንዱ ገጽ ጥግ ታጥፏል፤ ቶሌዶ ይላል፤ ኮረብታ ላይ ያለች፣ ወንዝ በሦስት በኩል የዞራት የድሮ ከተማ። ከአንድ ምግብ ቤት ስም ጎን አንድ የማታውቀው ሰው በእርሳስ «ቆቋን እዘዝ፤ አትቸኩል» ብሎ ጽፏል። ይመኙሻልን በሕይወቷ አትቸኩዪ ያላት ሰው አልነበረም። መጽሐፉን ከውዳሴ ማርያሟ አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቀመጠችው።

ባለፈው ዓመት በስልሳ ስድስት ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ኖላዊ ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር አንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ያ ልጅ የትም ይሁን የት፣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በየቀኑ ለእናቱ ይደውላል። ቲኬቱን የቆረጠላትም እሱ ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ሳምንቱ እሑድ፣ ስምንት ሌሊት።

ስፔን መሄዷን የምናውቀው ኖላዊና እኔ ብቻ ነበርን። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ካልጋሪ ዘመድ ልጠይቅ ነው አለቻቸው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሐኪም ሳያዛት፣ የምትሳለመው ታቦት ሳይኖር፣ ልትበላና ወይን ልትጠጣ ብቻዋን ባሕር ተሻገረች ቢባል እስከ ፋሲካ የሚበቃ ወሬ ይሆናል። ወሩ ጥቅምት ነበር። «ጽጌን አትጾሚም እንዴ?» ብላት፣ «የፈቃድ ጾም ነው፤ ዘንድሮ ፈቃዴ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን ግን የትም ብሆን አልሽርም» አለችኝ። አትሽርም፤ አውቃታለሁ። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ዓርብ ቀን የቀረበላትን እርጎ መልሳለች።

እዚያ እራት የሚበላው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። በየቀኑ በዚያ ሰዓት በቪዲዮ ትደውልልኝ ጀመር። ሰኞ ዕለት ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረችው።

«ከራሴ በላይ ያለውን ጉድ እይልኝ!»

የአሳማ እግር ነው፤ አንድ ሃያ የሚሆን፣ ተደርድሮ ተንጠልጥሏል። እሷ ከሥሩ ቁጭ ብላ የበግ አይብ ትበላለች።

«ቢወድቅብሽስ?»

«ቢወድቅብኝ ተጠምቄ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ቆቋ መጣች። በሽንኩርት፣ በወይን ኮምጣጤና በቅጠል ቀስ ብላ የበሰለች፤ ሥጋዋ ሹካ ሲነካው ከአጥንቱ ይለቃል። ጥቁር ቀይ ወይን ተቀዳላት። መጀመሪያ አሸተተችው፤ ከዚያ ጠጣች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። አስተናጋጁ ነጭ ፂም ያለው ሽማግሌ ነው። «ስንት ናችሁ ሲለኝ አንድ ጣት አሳየሁት» አለችኝ። «መጸዳጃ ቤቱ በር ጋ ያስቀምጠኛል ብዬ ነበር፤ ቶሮንቶ ብሆን እንደዚያ ነው የሚያደርጉኝ። እሱ ግን መስኮቱ ጋ አስቀመጠኝ። ጸዮን፣ ብቻዬን ነኝ ስለው አላዘነልኝም።»

ማክሰኞም ደወለች። ጠዋት አልጋዋን ራሷ አንጥፋ፣ ፎጣውን አጥፋ፣ መጸዳጃ ቤቱን ወልውላ ስትወጣ፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ መጥታ በስፔንኛ ተቆጣቻት። «ያልገባኝ ቃል የለም» አለች። ከመነኮሳት ገዳም የገዛችውን የለውዝ ጣፋጭ አሳየችኝ። ፊቷ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያላየሁትን ነገር አየሁ። ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ፊት ነበር። በእውነት ቀናሁባት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ኖላዊ ሱቄ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። በሩን ዘግቶ ቆመ።

«አንቲ፣ እትዬ አሰፋሽ…» አለና አልጨረሰውም። አንቲ የሚለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

እትዬ አሰፋሽ የይመኙሻል ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ይመኙሻል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ለኪዳን ስትነሳ ወድቃ አረፈች። ቀብሩ በማግሥቱ ነው፤ ይመኙሻል ብትበርም አትደርስም።

«ኮል ላድርግላት?» አለ ኖላዊ።

«አብደሃል? ሰው በሌለበት?»

«አንቲ፣ እህቷ ናት። ሺ ሃዝ ኤ ራይት፤ የማወቅ መብት አላት።»

«ራይትህን እዚያው! ወድቃ ብትቀር ማን ያነሳታል? ያ ፂማም አስተናጋጅ?»

በእኛ ወግ መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ባለ መርዶዋ መጀመሪያ እህል እንድትቀምስ ይደረጋል፤ ግራና ቀኟን የሚይዝ ሰው ይቀመጣል፤ ከዚያ በዕድሜ የገፋው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ይህን ወግ ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። እኔም ራሴ የአባቴን መርዶ ካርቱም ላይ በደብዳቤ፣ ቆሜ፣ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ለጠላቴም አልመኘውም።

«እሺ፤ ግን ስትደውል ምን እላታለሁ? ድምፄን ትሰማዋለች። አይ ካንት ላይ ቱ ማይ ማም፤ እናቴን መዋሸት አልችልም» አለ።

«አታንሳ እንግዲያው። ሥራ የለህም?»

«መኪናው ጋራዥ ነው።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ አልጠየቅኩትም። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። «እኔ ጋ ካለ አነሳዋለሁ፤ ያዥልኝ» አለ። አጥፍቼ ከሚዛኑ ሥር ካለው መሳቢያ ከተትኩት። በጣም ብልህ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ገብረክርስቶስ ቤት ሄድኩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ባለቤታቸው እያለቀሱ ነው የከፈቱልኝ። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ትከሻዬ አውጥቼ አብሬያቸው አለቀስኩ።

«አይዞሽ፣ መላ አለው» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ። «ካልጋሪ የድሮ ጓደኛዬ ፀጋዘአብ አለልን። ነገ ማለዳ አምስት ስድስት ሰው ሆነው ያረዷታል።»

እውነቱን አወጣሁት። «ካልጋሪ አይደለችም።»

«የት ናት ታዲያ?»

«ስፔን።»

«ስፔን ማን አላት?»

«ማንም የላትም።»

«ምን ልትሠራ ሄደች?»

«ልትበላ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። መልሰው አድርገውት፣ «በልታ ትምጣ እንግዲህ» አሉ። «ድሮስ ባለ መርዶ በልቶ አይደል የሚረዳ? እሑድ ቤቷ እንሰበሰባለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

ሱቄ ተመልሼ በሩን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ባላነሳ ትጠረጥራለች ብዬ ፈገግታዬን አዘጋጅቼ አነሳሁ። ይመኙሻል መስኮቷ ሥር ተቀምጣለች፤ የጾም ሽምብራ በስፒናች ከፊቷ ቀርቧል፤ ብርጭቆዋን ልታነሳ እጇን ዘርግታለች። እጇ እዚያው ቆመ። ትከሻዬን ታያለች። ያን ጊዜ ነጠላዬን እንዳላስተካከልኩ ትዝ አለኝ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«የ… የሔርሞን አባት፤ ያቺ ፀጉር ሠሪዋ። አታውቂያትም። ከለቅሶ መምጣቴ ነው» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የመጀመሪያዋ ቀን ግን በጣም ትከብዳለች።

«ነፍስ ይማር» አለች። ትከሻዬን ደግማ አየች። «ኖላዊ ዛሬ አልደወለም። ብደውልለት ዝግ ነው።»

«ጭኖ ወደ ቫንኩቨር ወጥቷል። ተራራው ላይ ሲግናል የለም፤ አታስቢ ብሎሻል።»

«መኪናውን ይዞ?»

«በእግሩ ይሂድልሽ?» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «እሺ» አለች። ብርጭቆዋን አንስታ ወደ እኔ ከፍ አደረገችና «በጤናችሁ» አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እኔ ያለፈልኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ቀን እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ስሮጥ ዋልኩ። አንዱ የደብረ ብርሃን ዘመድ የእትዬ አሰፋሽን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስሽን በገነት» ብሏል። እሱን አስለምኜ ፎቶውን አስነሳሁ። አሥራ አንድ ሰው ጋ ደወልኩ፤ ሔለን የምትባል የማኅበራችን ሴት ልትደውልላት ቁጥሯን ስትጫን ነው የደረስኩባት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ይመኙሻል ደወለች፤ ቪዲዮ የለም። «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ ፎቶ ልኬልሻለሁ» አለች። አይብና ወይን ነው። «ጣፈጠሽ?» አልኳት። «በጣም» አለች። ስለ ኖላዊ አልጠየቀችኝም። ባለመጠየቋ አመሰገንኩ።

ዓርብ ቀን የላከችው ፎቶ ቆቋ ነበር። ሥጋ፣ በዓርብ! ደነገጥኩ፤ ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህቺ ሴት ዓርብን ከሻረች በጣም ደስ ብሏት ነው፤ ወይኑ ነው ያሳታት አልኩ። እንዲያውም ለአቶ ገብረክርስቶስ ደውዬ «እየበላች ነው» አልኳቸው። «ተመስገን፤ አቅም ይሆናታል» አሉ። ኖላዊ ግን በየቀኑ ሱቄ እየመጣ መሳቢያውን ያየዋል። «አንቲ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልደውል፤ ደኅና ነኝ ልበላትና ልዝጋ» አለኝ ቅዳሜ። «አንድ ቀን ነው የቀረህ፤ ሁሉንም ነገር ታበላሸዋለህ» ብዬ ገሠጽኩት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ በአካሉ ሁለት እኔን ያክላል፣ ታዘዘኝ። ያን መታዘዙን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

እሑድ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሰዓት ነው የሚገባው። ሰዉ ቤቷ ተሰብስቧል፤ የደረሱት ሁሉ ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ እንዳያስቀምጡ ነገርኳቸው፤ ጫማውን ካየች በሩ ላይ ታውቃለች። ኖላዊ ኤርፖርት ልምጣ አለ። ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ከለከልኩት። የኔ ፊት ይሻላል ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። አበባም ያዝኩ፤ በአበባው ፊቴን ልሸፍን።

በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር አበባውን ወደ ፊቴ ከፍ አደርጋለሁ። ፊኛ የያዙ ልጆች፣ እናታቸውን የሚያቅፉ ወጣቶች፤ በመጨረሻ እሷ ወጣች። ፊቷ ግማሽ ሆኗል። ለቅዳሴ ትሆነኛለች ብላ የወሰደቻትን ነጠላ ለብሳለች፤ ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ ትከሻዋ ላይ ነው። ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ ከፊቴ ቆመች። ከአበባው ባሻገር ሰው ስትፈልግ አየኋት፤ ከኋላዬ ማንም የለም።

«ቀበራችሁት?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ጸዮን፣ ሻንጣዬን ስዘጋ መኪናው ጋራዥ ነበር። ሞተሩ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብለውታል። አንቺ ቫንኩቨር ነው አልሽኝ። ነጠላሽ ተዘቅዝቋል። ስልኩ አራት ቀን ዝግ ነው። ልጄን ቀበራችሁት ወይስ እኔን ጠበቃችሁ?»

ምላሴ ታሰረ። እኔ፣ አፈኛዋ!

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» ያልኩት ይህን ነው፤ ከዓለም ቃል ሁሉ ይህን መረጥኩ።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እዚያ እስካለሁ ድረስ ማንም መጥቶ አያረዳኝም። ያልተረዳሁት ደግሞ አልሞተም። ቲኬቱን ለውጬ ልመጣ ነበር፤ ተውኩት። አራት ቀን ላኑረው አልኩ።» አፏ ደርቋል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «የላክሁልሽ ፎቶ የሰኞና የማክሰኞ ነው። እህል አልወርድልኝ አለ። ማታ ማታ ግን እዚያው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር። ሽማግሌው ወይኑን ይቀዳልኛል፤ ሳልነካው ያነሳዋል። ትናንት ሥራውን ሲጨርስ ሽርጡን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ቋንቋዬን አያውቅም። ዝም ብሎ ተቀመጠልኝ።»

በዚያን ጊዜ ነው አንደበቴ የተፈታው። «ኖላዊ ደኅና ነው! ቤት ነው! ስልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በልጅሽ እምላለሁ፣ በማርያም እምላለሁ፣ ደኅና ነው!»

ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባብኝ። «ማን ነው ታዲያ?»

ኤርፖርት መሐል፣ ቆማ፣ አራት ቀን እህል ባልቀመሰ ሆዷ፣ ሰው ግራና ቀኟን ሳይዝ፤ አይሆንም ያልኩት ሁሉ ሆነ። «እትዬ አሰፋሽ ናት» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ ከሆዷ። ፊኛ የያዙት ልጆች ዞር ብለው አዩን። ከዚያ ምን እንዳለች ጆሮዋ ሰማ። እጇን አፏ ላይ ጭና ቁልቁል ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። አበባዬን ጥዬ ከጎኗ ተንበረከክሁ፤ ልታየኝ አልፈለገችም።

መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። «ሰዎቹ እንዳወቅሁ አይወቁ። ደክመውልኛል።» ነጠላዋን አውልቃ አስተካክላ ለበሰችው።

በሩን ኖላዊ ከፈተ። ሁለት እጆቿን ፊቱ ላይ አድርጋ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አገጩን ዳሰሰችው። ሳሎኑን የሞላው ሰው እንኳን ደኅና ገባሽ አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እነሱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኑ፣ እሷም ሆነች። አቶ ገብረክርስቶስ «መንገደኛ ነች፤ መጀመሪያ ትብላ» አሉ። አልጫ ቀረበ። ሴቶቹ እየጠቀለሉ አጎረሷት፤ ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያ እህሏ ነው፤ እያነቃት ዋጠችው። አንዷ «ካልጋሪ አልተስማማሽም፣ ከስተሻል» አለቻት። እሷም «ብርዱ ነው» አለች።

ከዚያ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኟ ተጠጉ። አቶ ገብረክርስቶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይመኙሻል ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዳ ነው» ብለው ጀመሩ። የእህቷን ስም ሲጠሩ የጮኸችው ጩኸት የማስመሰል አልነበረም። ደረቷን ስትመታ ሁለቱ ሴቶች ሊይዟት አልቻሉም፤ ኖላዊ ተጨመረ። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ሲወጡ አቶ ገብረክርስቶስ በሩ ላይ እጄን ጨበጡኝ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ጸዮን፤ ሁሉ በወጉ ሆነ። ሰው መሐል፣ በልታ፣ ተይዛ ተረዳች» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ወደ ውስጥ ስመለስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጠጋ እንድል ጠቀሰችኝ፤ ኖላዊ እንዳይሰማት ጆሮዬ ላይ ነው ያለችው።

«እዚያ ኤርፖርት ያልኩትን፣ እትዬ ሰምታኝ ይሆን?»